ክታብ ያሰረው መቀስ

አባቴ ልብስ ሰፊ ናቸው። ቢቸና ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ሽቅብ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በአንድ የጨርቅ ሱቅ በረንዳ የእግር መኪናቸውን አቁመው ይሰፋሉ። እኔ ደግሞ ከመናኸሪያው መውጫ በር ፊት ለፊት፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ በሚቆምባት ሱቅ ስልክ እጠግናለሁ። ማንም አላስተማረኝም፤ የተበላሹ ስልኮች እየፈታሁ፣ የፈታሁትን በደብተር እየሣልኩ ነው የለመድኩት። ከሱቄ እስከ አባቴ በረንዳ ሦስት መቶ አርባ እርምጃ ነው። ይህን ቁጥር የምጽፈው ኋላ ስለሚያስፈልግ ነው።

የአባቴ መቀስ ከክርኔ እስከ እጄ አንጓ ይደርሳል። እጀታው ድሮ ጥቁር ቀለም ነበረው፤ አሁን አውራ ጣታቸው የሚገባበት ቦታ ተልጦ ብረቱ ያብለጨልጫል። አባቴን ብትጠይቋቸው ግን መቀሱን የኔ ነው አይሉም። "የሼሁ ነው" ይላሉ።

ሼሁ የሞጣ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሼህ የሚላቸው ለዕድሜያቸውና ቁርአን ለመቅራታቸው ብሎ ያገሩ ሰው ነው እንጂ ሥራቸው ዕድሜ ልካቸውን ስፌት ነው። አባቴ በወጣትነታቸው ሞጣ ሄደው እሳቸው ዘንድ አራት ዓመት ሠርተዋል፤ ቁልፍ ከመትከል ጀምረው ኮት እስከ መቁረጥ። ሊለዩ በመጡበት ቀን ሼሁ ይህን መቀስ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና "ይኸው" አሉ። አባቴ "አየሁ" ብለው አነሱት። ስጦታ ነው አልተባለም፤ ውሰት ነውም አልተባለም። ስለዚህ አባቴ በየዓመቱ ነሐሴ ላይ፣ የእንቁጣጣሽ ልብስ ሥራ ሳይበረታ፣ መቀሱን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ሞጣ ይሄዳሉ። ሼሁ ይስሉታል። አባቴ እዚያው አድረው በማግስቱ ይመለሳሉ። ከሼሁ በቀር በዚያ መቀስ ላይ የመሳያ ድንጋይ ያሳረፈ ሰው አልነበረም።

መቀስ ከእጅ ወደ እጅ እንደማይሰጥ፣ ጠብ እንደሚያመጣ፣ እኛ አገር የማያውቅ የለም። አንዱ ያስቀምጣል፣ ሌላው ያነሳል። በሼሁ ሱቅ ግን ሕጉ ሌላ ግማሽ ነበረው፤ ያስቀመጠው "ይኸው" ማለት አለበት፣ የሚያነሳው ደግሞ "አየሁ"። "አየሁ" እስኪባል ድረስ መቀሱ የአስቀማጩ አደራ ነው። አባቴ ይህን ሕግ ቢቸና ይዘውት መጡ። በረንዳው ላይ ግን አንድ ሌላ ሰፊ ጎረቤት አላቸው፣ ደንበኛ ይመጣል፣ እኔም እመጣለሁ። ሁሉም መቀሱን ይዋሳል፣ ሁሉም ያገኘው ጨርቅ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ግማሹ "ይኸው" ማለቱን ይረሳል። ከላዩ ሌላ ጨርቅ ይወድቅበታል። አባቴ ቀኑን ሙሉ "መቀሱስ?" ሲሉ ይውሉ ነበር።

ከረሱት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። የኔስ መርሳት አልነበረም። ከልጅነቴ ጀምሮ ሳልናገር ማለፍ ከቻልኩ ሳልናገር አልፋለሁ።

ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ፣ ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድቦ እኛ ከተማ ይሠራ የነበረ አንድ ወጣት ነርስ ዝውውር ደረሰው። ስልኩን ሁለት ጊዜ ጠግኜለት ነበር። ሊሰናበተኝ መጥቶ፣ "ይቺን ውሰዳት፤ ለቤቴ ቁልፍ ነበር የያዝኳት፣ ቤቱን አሁን አስረክቤያለሁ" አለና አንዲት ነጭ ክብ ነገር ጠረጴዛዬ ላይ ትቶልኝ ሄደ። ስፋቷ የካፖርት ቁልፍ ያህላል፤ ውፍረቷ አራት የአንድ ብር ሳንቲም ተደራርቦ ነው። በብሉቱዝ ከስልክ ጋር ትያያዛለች። የሚጠፋ ዕቃ ላይ ታስሮ ስልኩ ላይ ሲጫኑ ትጮኻለች። እንደ ለካሁት፣ መሀል የሚከልላት ነገር ከሌለ እስከ ስልሳ እርምጃ ድረስ ስልኬ ያገኛታል፤ ግድግዳ ካለ ከሃያ አምስት አያልፍም። ከዚያ ከራቀች ስልኩ የሚነግረኝ መጨረሻ ያገኛትን ሰዓት ብቻ ነው። ትልልቅ ከተማ ላይ የመንገደኛው ሁሉ ስልክ ቦታዋን እየተቀባበለ ያደርሳል ይባላል። እኛ ጋ ዳታው ራሱ ሲመጣና ሲሄድ ስለሚውል በዚያ አልተማመንኩም። ደግሞ ከባለቤቷ ስልክ ርቃ ካደረች፣ ሰው ሲነካት ራሷ ትጮኻለች።

ወስጄ ለአባቴ አሳየኋቸው። አገላብጠው አዩዋት።

"ቀዳዳ የሌለው ቁልፍ ምን ላይ ይተከላል?"

"ቁልፍ አይደለችም፣ አባባ። መቀሱ ሲጠፋ እንድንጠራት ነው።" ስልኬን ተጫንኩት፤ መዳፋቸው ውስጥ ጮኸች።

"መቀሱ ልጅ ሆነ እንዴ፣ ሲጠሩት አቤት የሚል?" አሉና ሳቁ። እሺም እንቢም አላሉም። በፕላስተር እጀታው ላይ ለጠፍኳት። ፕላስተሩን ሲያዩ ግን ፊታቸው ተለወጠ፤ የሰፊ መቀስ ላይ ፕላስተር ማለት ኮት ላይ ጭቃ ማለት ነው። "መታሰሯ ካልቀረ ልብስ ትልበስ" አሉ። ከአሮጌ ቦርሳ የተረፈ ቡናማ ቆዳ ቆርጠው በአራት ማዕዘን ሰፉላት፤ ስፌቱ እንደ ጤፍ የደቀቀ ነበር። በክር አድርገው ከእጀታው ቀለበት ጋር አሰሯት። ሲያልቅ ጎረቤታቸው ሰፊ ከመኪናው ቀና ብሎ አየ።

"ጋሼ! መቀስዎን ቡዳ በላው እንዴ? ክታብ አሰሩለት!"

"አንተ ዓይንህን ስለጣልክበት ነው" አሉት።

እውነትም ቁርጥ ክታብ ትመስል ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በረንዳው ላይ ስሙ "ክታቡ" ሆነ።

የአባቴ ስልክ ቁልፎቹ የሚነኩ አሮጌ ስልክ ስለሆነ ክታቡ የተያያዘው ከኔ ስልክ ጋር ነበር። ስለዚህ መቀሱ ሲጠፋ ይደውሉልኛል፤ እኔ ሱቄን ለጎረቤት አደራ ብዬ ሽቅብ እሄዳለሁ፣ ስልሳ እርምጃ ሲቀረኝ እጫናለሁ፣ ከጨርቅ ክምር ሥር ጩኸት ይወጣል። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። አንድ ቀን ደውለውልኝ ስደርስ መቀሱ እጃቸው ላይ ነበር፤ ሱሪ እየቆረጡበት። አጠገባቸው ሁለት ስኒ ሻይ ተቀምጧል፣ አንዱ ክዳን ተደርጎበታል።

"አሁን ገና አገኘሁት" አሉኝ።

ጎረቤታቸው አፉ ውስጥ መርፌ ይዞ ሳቀ። "መቀሱን ነው የሚፈልጉት ልጁን?"

ሻዬን ጠጥቼ ተመለስኩ። በዚያ ሐምሌ ማታ ማታ የቀኝ እጃቸውን አንጓ ሲያሹ አያቸው ነበር። የክረምቱ ብርድ መሰለኝ።

ፍልሰታ በገባ በሦስተኛው ቀን የሞጣ ሚኒባስ ሹፌር በረንዳው ድረስ መጥቶ መልእክት ነገራቸው። "ሼሁ፣ ጾሙ ሳይፈታ ይምጣ ብለዋል። እጄ መንቀጥቀጥ ጀምሯል፤ የመጨረሻ አንዴ ልሳልለት ብለዋል።"

የሼሁ ዓይን ከጠፋ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር። እስካሁን መቀሱን የሳሉት በአውራ ጣታቸውና በጆሯቸው ነው። አባቴ የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ የመኪናቸውን መርገጫ አልረገጡም። "ሐሙስ እሄዳለሁ" አሉ።

መቀሱ የጠፋው ሰኞ ነው፤ ያጠፋሁትም እኔ ነኝ።

ሰኞ አንድ ደንበኛዬ አውቶቡስ ሊያመልጠው እየቸኮለ የስልኩ መስታወት ላይ ፕላስቲክ እንድለጥፍለት ፈለገ። ፕላስቲኩ ከትልቅ ጥቅል ላይ በልኩ የሚቆረጥ፣ ወፍራም፣ በአንድ ጎኑ ሙጫ ያለው ነው። የኔ ትንሽ መቀስ ሚስማሩ ተሰብሮ ነበር። አባቴ በረንዳ ሄድኩ፤ እሳቸው የአንዲት ሴት ልጅ ወገብ እየለኩ ነበር። መቀሱ መኪናው ላይ ነው። አነሳሁትና ሄድኩ።

የሰፊ መቀስ ጨርቅ ብቻ ነው የሚቆርጠው። አባቴ ጋዜጣ እንኳ ተቆረጠበት ቢባሉ ቀኑን ሙሉ የማይናገሩ ሰው ናቸው። ይህን አውቃለሁ። ሁለት ጊዜ ቆረጥኩበት። ሙጫው ስለቱ ላይ ሲይዝ ተሰማኝ፤ በአልኮል ጠረግሁት፤ ሰባት ሰዓት ከሃምሳ ላይ ይዤው ተመለስኩ። አባቴ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ሜትር አንገታቸው ላይ፣ ቁጥር እየደጋገሙ ነበር። ጎረቤታቸው ምሳ ሄዷል። መቀሱን አግዳሚው ላይ ከነበረ የታጠፈ ልብስ መሀል አስቀመጥኩት። "ይኸው" ብል ይዞራሉ። ከዞሩ "የት ወስደኸው ነበር?" ይላሉ። ዝም ብዬ ወረድኩ።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ደወሉ። ስልሳ እርምጃ ሲቀረኝ ተጫንኩ። ምንም የለም። በረንዳው ላይ ቆሜ ተጫንኩ። ምንም የለም። ጨርቁን ሁሉ አንድ በአንድ ዘረገፍነው፤ ጎረቤታቸው የመኪናውን ሥር በሆዱ ተኝቶ አየ። ከዚያ ስልኬ ላይ መጨረሻ የተገኘችበትን ሰዓት ተመለከትኩ። ስምንት ሰዓት ከሃያ አምስት ይላል።

በዚያ ሰዓት እኔ ሱቄ ውስጥ ነበርኩ፤ ከበረንዳው ሦስት መቶ አርባ እርምጃ ርቄ። ስልኬ ከስልሳ በላይ አይሰማም። እንግዲህ መቀሱ ራሱ በሱቄ ደጅ አልፏል ማለት ነው። በሱቄ ደጅ የሚያልፈው ወደ መናኸሪያ የሚገባና የሚወጣ ነው። ስምንት ተኩል ላይ የሞጣ ሚኒባስ ይወጣል።

ይህን ለአባቴ ስነግራቸው በርጩማቸው ላይ ቁጭ አሉ። ነጩን መጠቅለያ ጨርቅ ጠዋት አጥበው ደጃፉ ላይ አስጥተውት ነበር፤ እሱን አንስተው ጉልበታቸው ላይ አጠፉት።

"ሐሙስ ምን ይዤ ልሂድ?" አሉ። እኔን አልነበረም የጠየቁት።

መቀሱ የታጠፈ ልብስ ላይ ሳይቀመጥ እንዳልቀረ ነገርኳቸው። ማን እንዳስቀመጠው አልነገርኳቸውም።

የሥራ ደብተራቸውን አመጡ። አባቴ የደንበኛ ስም አይጽፉም፤ ሰው የሚያውቁት በልኩ ነው። ገጹ ላይ ያለው ቁጥርና እሳቸው ብቻ የሚያነቡት ምልክት ነው። ሰኞ ከሰዓት ልብስ የወሰዱት ሦስት ናቸው። በመጀመሪያው ላይ ጣታቸውን አሳርፈው "ይህ የዚሁ አገር ነው፣ አንገተ ወፍራሙ" አሉ። ሁለተኛዋ የጎረቤት ሙሽራ ናት። ሦስተኛው ላይ ቆሙ። "ትከሻ አርባ፣ ግራው አንድ ጣት ዝቅ። ሦስት ቀሚስ። ጨርቁ ቅመም ቅመም ይሸት ነበር። የሞጣ ሴት ናት።"

ስልክ ቁጥሯን አልያዙም። ማክሰኞ በሹፌሩ በኩል የቅመም ነጋዴዋን ፈልግልን ብለው ላኩ፤ ሹፌሩ ረቡዕ ራሱን እየነቀነቀ ተመለሰ። ሐሙስ ጠዋት አብሬያቸው ተሳፈርኩ። ባዶውን ነጭ ጨርቅ በኮታቸው የውስጥ ኪስ ይዘውት ነበር። ደብረ ወርቅን ስናልፍ ዝናብ ጀመረ። መስኮቱ በላብ ሲደፈን በእጃቸው ጠረጉትና፣

"አሁን ቢጮህ ይሰማሃል?" አሉኝ።

"አይሰማኝም፣ አባባ። ሞጣ ገብተን ነው።"

"ሼሁ ዘንድ ከመግባታችን በፊት ገበያውን እንየው። ባዶ እጄን እንዳልገባባቸው።"

ሞጣ ገበያ የቅመም ተራው ረጅም ነው፤ ሴቶቹ ከላስቲክ ዳስ ሥር ኮረሪማውን፣ ጥቁር አዝሙዱን፣ በሶብላውን በየጣሳው ደርድረው ይቀመጣሉ። እኔ ስልኬን በየአሥር እርምጃው እየተጫንኩ እሄዳለሁ። አባቴ ከኋላዬ ግራ ትከሻ እያዩ ይመጣሉ። እያንዳንዷን ሴት ቆም ብለው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያያሉ። ሁለተኛ ዙር ላይ አንዲት ዝንጅብል ሻጭ ትዕግሥቷ አለቀ።

"አባቴ! ጾም ነው እኮ!"

ተራው በሙሉ ሳቀ። አባቴ ጆሯቸው ድረስ ቀሉ። "ትከሻ ነው የማየው፣ ልጄ" አሏት፤ ሳቁ ባሰ።

ሦስተኛው ዙር ላይ፣ ሁለት ጊዜ ያለፍናት ሴት ፊት ድንገት ቆሙ። ትከሻዋን አይደለም ያዩት፤ የአንገቷን ክፈፍ ነው።

"የኔ ስፌት ነው" አሉ በቀስታ። ከዚያ ግንባራቸውን መቱ። "ወይ እኔ! ግራው ዝቅ ስለሚል ስፖንጅ ከትቼ ያስተካከልኩት እኮ እኔው ነኝ! ያቃናሁትን ትከሻ ጎባጣ ብዬ እፈልጋለሁ!"

ሴትየዋ እሳቸው ከሰፉላት አዲሶቹ ቀሚሶች አንዱን ለብሳ ነበር። ቀና ስትል አወቀቻቸው፤ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

"ጋሼ! እርስዎ ኖት? እግዜር ነው ያመጣዎ! ያ ነገር የርስዎ ነው?"

"መቀሱ አለ?"

"መቀሱማ አለ። ቤቴ ገብቼ ልብሱን ስፈታው ዱብ አለ፤ ከነክታቡ! ነገ ለሹፌር እሰጠዋለሁ ብዬ መደርደሪያ ላይ አኖርኩት። ማክሰኞ ጠዋት አነሳለሁ ብዬ ስነካው ጮኸ! እንደ ጫጩት! ጋሼ፣ ክታብ ሲጮህ ሰምተው ያውቃሉ?"

"አላውቅም ነበር" አሉ አባቴ፤ ወደኔ እያዩ።

"ሰው ሊያስደግምብኝ ነው አልኩ። ከዚያ ወዲያ እጄንም አላስነካሁትም፤ በጉጠት አንስቼ የቅቤ ጣሳ ውስጥ ጨመርኩና ከደንኩት።"

በየአሥር እርምጃው መጫኔ ከንቱ እንደነበረ ያን ጊዜ ገባኝ። ብሉቱዝ ከተከደነ ጣሳ አይወጣም።

"ታዲያ ጣሳው የት ነው?" አሏት አባቴ።

"መቀስ የሰፊ ነው፣ ክታብ የሼህ ነው። ሁለቱንም አንድ ሰው ያውቃቸዋል ብዬ ለሼሁ ወስጄ ሰጠኋቸው። እዚህ ታች ናቸው፣ ሰፊው..."

አባቴ ቤቱን እንደሚያውቁት አልነገሯትም። ዝናቡ ላይ ወጥተው ቆሙ። ኪሳቸውን ከውጭ ዳሰሱ፣ ነጩ ጨርቅ እንዳለ። "ከኔ ቀድሞ ገባ" አሉ።

በሼሁ ሱቅ አሁን የምትሠራው ልጃቸው ናት። እሳቸው ከኋላ፣ ትልቁ መቁረጫ ጠረጴዛ ጥግ፣ የበግ ቆዳ ላይ ይቀመጣሉ። ገና የበሩን ደፍ ሳንሻገር ተናገሩ።

"ዛሬ ቀስ ብለህ ነው የመጣኸው።"

"ጭቃ ነው፣ ጋሼ" አሉ አባቴ።

"ጭቃማ በየነሐሴው አለ።"

መቀሱ ፊታቸው ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ጣሳው ከጎኑ። አባቴ ጫማቸውን አውልቀው ቀረቡና ጉልበታቸውን ሳሙ። "ጋሼ፣ አደራዎን..." ሲሉ ሼሁ እጃቸውን አነሱ። እጁ ይንቀጠቀጣል።

"መጀመሪያ ቁጭ በል። ሴትዮዋ በጣሳ ይዛ መጥታ፣ ሰይጣኑን አስወጡልኝ አለችኝ። አውራ ጣቴን አስገባሁበት፤ ይሄማ የኔው ነው አልኩ።" ሳቁ። ከዚያ መቀሱን አንስተው ጆሯቸው አጠገብ አንድ ጊዜ ከፍተው ዘጉት። ሁለተኛ ደገሙት። አውራ ጣታቸውን በስለቱ ላይ ከሥር ወደ ጫፍ አስኬዱ፤ ከጫፉ ሦስት ጣት ያህል ሲቀር ቆሙ።

"እዚህ ላይ ጨርቅ ያልሆነ ነገር ቆርጧል። የሚጣበቅ ነገር።"

"አይሆንም፣ ጋሼ!" አባቴ ከተቀመጡበት ተነሱ። "ወረቀት እንኳ አላስነካሁትም! እርስዎን ይዤ..."

እኔ ዝም ካልኩ አባቴ በሐሰት ሊምሉ ነው። "እኔ ነኝ" አልኩ።

"ማነው የተናገረው?" አሉ ሼሁ።

"እኔ ነኝ!" ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ፤ የሼሁ ልጅ ከመኪናዋ ዞረች። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ፕላስቲኩን፣ ሙጫውን፣ አግዳሚውን፣ ሳልናገር መውረዴን።

አባቴ ወደኔ ዞሩ። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። "ይኸው ብትለኝ ኖሮ እኮ ዞሬ አየው ነበር" ነው ያሉት። ከቁጣው የባሰው እሱ ነው።

"ድምፅ አለው ለካ" አሉ ሼሁ። ጣታቸው አሁን ቆዳዋ ላይ ነበር። "ይህችስ?"

ምን እንደሆነች አስረዳኋቸውና ስልኬን ተጫንኩ። ስትጮህ ሼሁ እንደ ልጅ ሳቁ። "ድገማት!" አሉኝ፤ ደገምኳት። ከዚያ መቀሱን በጣታቸው ላይ እንደ ሚዛን አጋድመው ያዙት። በእጀታው በኩል ወረደ።

"ወደ ኋላ ጎትታዋለች። አንተ፣ በዚህ ስንት ጊዜ ቆረጥክበት?"

አባቴ አሳላቸው። "ሁለት ወር ይሆናል። ለመድኩት።"

"ውሸት! አንጓህን አላመመህም?"

"ልጁ ነው ያሰረልኝ፣ ጋሼ።"

 እኔ አባቴ ማታ ማታ የሚያሹትን እጅ አሰብኩ፤ ብርድ ነው ያልኩትን። ከሼሁ ልጅ ምላጭ ለምኜ ክሩን ቆረጥኩት። ምላጩንም በእጄ አልሰጠችኝም፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ "ይኸው" አለች። "አየሁ" አልኩ።

ሼሁ ድንጋዩን አስወጡ። የስፌት መኪና ዘይት አንጠባጠቡበት። መቀሱን ፈትተው አንደኛውን ስለት አሳረፉ። ሦስት ጊዜ ገፉት። በሦስተኛው ላይ ብረቱ ድንጋዩ ላይ ዘለለ፤ የተሳሳተ ድምፅ መሆኑን እኔም አወቅሁት። አራተኛ አልሞከሩም። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ፣ አንዱን በሌላው ይዘው። አባቴ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

"አንተ ስልክ ፈቺው፣ ና" አሉ ሼሁ።

"እኔ?"

"የቸኮለ ሰው ጣት አይደለም ያንተ። አምጣው።" ጣቶቼን አንድ በአንድ ብረቱ ላይ አስቀመጡልኝ። "በውጭ በኩል ያለውን ብቻ። የውስጡን ገጽ ከነካኸው መቀስ መሆኑ ይቀራል። ዓይንህን ተወው፣ ድምፁን ስማ። አንድ ዓይነት ድምፅ ከሥር እስከ ጫፍ።"

ብዙ ሰዓት ወሰደብኝ። አንዳንዴ "አንሣው" ይላሉ፣ አንዳንዴ "እዚህ ላይ ዋሸህ"። ልጃቸው ለአባቴና ለኔ የጾም ሽሮ አቀረበች፤ የኔ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ መቀሱን አጋጥሜ ስሰጥ፣ ማለቴ ሳስቀምጥ፣ ሼሁ አንድ ሳሳ ያለ እርጥብ ቁራጭ ጨርቅ አስጠጉበት። እስከ ጫፉ ድረስ ሳይጎትት ቆረጠ።

"ሁለት ቦታ ላይ አንተን ሰማሁህ" አሉኝ። "በሚመጣው ዓመት ታስተካክለዋለህ።" ከዚያ መቀሱን ወደ አባቴ በኩል አኖሩና "ይኸው" አሉ።

"አየሁ" አሉ አባቴ፤ ነጩን ጨርቅ ከኪሳቸው አወጡ።

ክታቧ ጠረጴዛው ላይ ቀርታ ነበር። የሼሁ ልጅ አነሳቻት። "አባዬ ምርኩዛቸውን አስቀምጠው ቀኑን ሙሉ ሲዳብሱ ነው የሚውሉት" አለች። ከኔ ስልክ ላይ አጥፍቼ ከሷ ስልክ ጋር አያያዝኳት፤ አባቴ በምርኩዙ አንገት ላይ በአዲስ ክር ሰፏት። ለምርኩዝ አትከብድም። ሼሁ ሆን ብለው ምርኩዙን ከበሩ ጀርባ አስደብቀው አስጮኹት፣ ተነስተውም ድምፁን ተከትለው ያለ ማንም እጅ ሄደው ያዙት። ያን ቀን ይህን አራት ጊዜ አደረጉ።

ቢቸና ከተመለስን ጀምሮ መቀሱ ክታብ የለውም። አባቴ አሁንም በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይደውሉልኛል፤ እኔም ስልኬ ምንም እንደማያገኝ እያወቅሁ ሽቅብ እሄዳለሁ። ሻዩ ክዳን ተደርጎበት ይጠብቀኛል። መቀሱን ስዋስ የት እንደምወስደው እናገራለሁ፣ ስመልስም እንደዚያው። መጀመሪያ ላይ ጎረቤታቸው "ኧረ ቀስ፣ ደነቆርን!" ይለኝ ነበር።

ዘንድሮም በነሐሴ ሞጣ ሄድን። የሼሁ እጅ አሁን ስኒ አይዝም። ስስል አጠገቤ ተቀምጠው፣ ራሳቸውን ወደ ድንጋዩ አዘንብለው ሰሙ፤ "እዚያ ላይ ድገመው" ያሉኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ዘይቱን ጠርጌ፣ መቀሱን አጋጥሜ፣ በእሳቸውና በአባቴ መሀል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

"ይኸው" አልኩ።

አባቴ ሊመልሱ አፋቸውን ከፍተው ነበር። ሼሁ ቀደሟቸው።

"አየሁ" አሉ።